የተነከሰች ጉርሻ

በአንድ ወቅት ደብረ ብርሃን ውስጥ ምንታምር የምትባል የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ ስትሞት ለአባቷ፣ ማለትም ለልጅቱ አያት፣ «ልጄን አብልጦ ለሚወዳት ስጡልኝ» ብላ ተናዘዘች። የሟቿ ሁለት ወንድሞችና እህት ሦስቱም «ለእኔ!» አሉ። አያትየው እስኪወስኑ ድረስ ሦስቱ ልጅቱን በእሳቸው ቤት አብረው ያሳድጓት ጀመር።

ምንታምር ጉርሻዋን ግማሹን ነክሳ ግማሹን በወደደችው ሰው አፍ ካልከተተች አትበላም። እምቢ ያላት ወዮለት! ጩኸቷን የሰማ ጎረቤት ሰው የሞተ መስሎት ለቅሶ ሊደርስ ይመጣል።

ታላቅየው ዘርጋው ሟች እህቱ በሕይወት ሳለች በሰጠችው ኩላሊት የሚኖር ሰው ነው። እህትየው አስካለ እርጉዝ ናት። ትንሹ ፋንታሁን ደግሞ ጉንፋን እንኳ የማይደፍረው ሹፌር ነው። አንዲት ሐኪም ልጅቱንም እነሱንም መርምራ እንዲህ አለች፦

«ሳይቶሜጋሎ የሚባል ቫይረስ በብዙ ሕፃናት ምራቅና ሽንት ውስጥ አለ፤ ምንታምርም ዘንድ አለ። እሷ አልታመመችም፤ ጤነኛ ሰውንም እምብዛም አይጎዳም። ጋሽ ዘርጋው ግን ለኩላሊቱ የሚወስዱት መድኃኒት የሰውነትዎን መከላከያ አድክሞታል፤ ቢይዝዎት ሊገድልዎት ይችላል። አስካለ፣ አንቺን ደግሞ ከያዘሽ ፅንሱን መስማት ሊያሳጣው ይችላል።»

ዘርጋው ጉርሻው ሲመጣ አፉን ከፈተ። «የእናቷን ኩላሊት ተሸክሜ የልጇን እጅ አልመልስም» አለ። ትኩሳት ጣለው፤ ኩላሊቱ የተረፈው ለጥቂት ነው። ሆስፒታል ተኝቶም የሚጠይቀው ስለ እሷ ነበር።

አስካለ የጎረሰች መስላ ጉርሻውን በእጇ ተቀብላ የልጅቱን ግንባር ትስማለች፤ ጉርሻውን ነጠላዋ ውስጥ ትደብቃለች። የምታጥባት፣ ሽንት ጨርቋን የምትቀይር፣ አዝላ የምታስተኛት እሷው ናት፤ በየጊዜውም እጇን በሳሙና ትፈትጋለች። አንድ ቀን ጉርሻው ከነጠላዋ ወደቀ። ምንታምር አየችው፤ ከዚያ ወዲያ አላጎረሰቻትም። አስካለ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። «ይችኛዋስ ታለቅሳለች፤ ሆዴ ውስጥ ያለው በምን አፉ ይለምነኝ?» አለች።

ፋንታሁን የሚወደውን መኪናውን ትቶ ቤት ዋለ። ጉርሻ በተነሳ ቁጥር «ለእኔ! ለእኔ!» እያለ እህትና ወንድሙን ቀድሞ ይጎርሳል። ሆዳም ብለው ሳቁበት፤ አልተቀየመም። እሱን የሚያሰጋው ነገር እንደሌለ ግን ሁሉም ያውቃል። ምንታምርም ስትባንን የምትጠራው እሱን አይደለም።

አሁን አያትየው ሦስቱን ልጆቻቸውን ፊታቸው አስቀምጠዋል። ለአንዱ ሲሰጡ የሁለቱ አንጀት ይቆረጣል። ሞቱን እያወቀ ለጎረሰው ነው፣ ላልተወለደው ብላ ላልጎረሰችው፣ ወይስ ለሁለቱ ብሎ ለጎረሰው? እናንተ ብትሆኑ ምንታምርን ለማን ትሰጧት ነበር?