ጅብ ያተመበት የጉልበት ዱቄት

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ በሚገበያዩበት ሜዳ ላይ፣ ቀበሮ «የጉልበት ዱቄት» የሚለውን ነገር በቅጠል እየጠቀለለ መሸጥ ጀመረ። «ሰባት ዓይነት ሥር አለበት! ጠዋት የቀመሰ ማታ ከዝሆን ይታገላል!» እያለ ይለፍፋል። በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ የጅብ መዳፍ በጭቃ ታትሟል፤ «ተመርምሯል» ማለት ነው። ጅብን የገበያው መርማሪ አድርጎ የሾመው አንበሳ ነበር። ከሆዱ ሌላ የማይታየውን ፍጡር ለዚህ ሥራ መሾም! ግን ተሾመ፤ ማንም ምንም አላለም።

ምርመራው እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ። በአገሩ ደንብ፣ ማንኛውም ዱቄት ገበያ ከመውጣቱ በፊት አንድ ጥቅል ለመርማሪው ይቀርባል። ጥቅሉን መርጦ የሚያመጣው ራሱ ሻጩ ነው። ቀበሮም የተቆላ ገብስ በማር ለውሶ አመጣ። ጅብ ተቀብሎ ከነቅጠሉ ዋጠው።

«እህ፣ አያ ጅቦ፣ እንዴት ነው?» አለ ቀበሮ።

«ደህና ይመስላል። ግን ምርመራ በአንድ አይበቃም፤ እስቲ ጨምርልኝ» አለ ጅብ ከንፈሩን እየላሰ።

ቀበሮ ሦስት ጨመረለት። ጅብ ሦስቱንም ዋጠና የቀበሮን ክምር በሙሉ አተመለት። ከክምሩ ግን አንዲት ጥቅል እንኳ አልከፈተም።

ከገዢዎቹ መካከል አንዲት አህያ ነበረች። ውርንጭላዋ እግረ ደካማ ነው። ክረምት ሳይገባ ደግሞ አህዮቹ ሁሉ ወንዙን ተሻግረው ወደ ደጋው ሣር መሄድ አለባቸው። መሻገር ያቃተው እዚያው ይቀራል፤ የቀረው የማን ራት እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

«ልጄ ይሻገርልኝ ይሆን?» ብላ ጠየቀች።

«እሜቴ አህያ፣ መሻገር ምን አላት፣ ይዘላታል እንጂ!» አላት ቀበሮ። «ማኅተሙን አታዪም እንዴ?»

አየች፤ አመነችም። የዕለት ገብሷን ለቀበሮ እየሰጠች ዱቄቱን ወሰደች።

በመጀመሪያው ቀን ውርንጭላው ሜዳውን ሲዞረው ዋለ። እናቱ ከደስታዋ ብዛት አለቀሰች። በሁለተኛው ቀንም ሮጠ፤ ግን እንቅልፍ አልወሰደውም። በሦስተኛው ቀን ጡት አልጠባም አለ። እሷም ገብሷን ለቀበሮ እየሰጠች ስለከረመች ወተቷ ነጠፈ። በሰባተኛው ቀን ልጁ ዓይኑ እንደፈጠጠ፣ እግሩ እየተንቀጠቀጠ ወደቀ።

አህያ ወደ ጃርት ሮጠች። ጃርት ዕድሜዋን ሙሉ ሥር ስትቆፍር የኖረች ናት፤ የማታውቀው ሥር የለም።

«እማማ ጃርት፣ ሰባት ሥር አለበት ብለውኝ ነበር። ልጄ ሊሞትብኝ ነው፤ እባክሽ ይህን እዪልኝ!»

«ያንቺን ብቻ አይቼ አፌን አልከፍትም» አለች ጃርት። «ከጎረቤቶችሽ ሰብስቢ። ከቀበሮ ክምርም ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች አምጪ። እሱ መርጦ የሚሰጥሽን ግን እንዳትቀበዪ።»

ዘጠኝ ጥቅል ተሰበሰበ። ጃርት እያንዳንዱን ለየብቻ ነፋችው፣ በቅል ውሃ ዘፈዘፈችው፣ አሸተተችው፣ በምላሷ ጫፍ ነክታ ተፋችው።

«ከሰባቱ ሥር አንዱም የለበትም» አለች። «ይሄ ከታች የዘቀጠው አመድና ነጭ አፈር ነው። ይሄ አረንጓዴው ተፈጭቶ የገባ ጫት ነው። ልጅሽ የሮጠው በዚህ ነው፤ መጥባትና መተኛት የተወውም በዚሁ ነው። ጉልበት አልጨመሩለትም፣ የኔ እናት። የነበረችውንም አስጨረሱት።»

አህያ ስትመለስ ልጇ ሞቶ ነበር። ይህን ባወራሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ጉዳዩ አንበሳ ፊት ቀረበ። ጃርት ዘጠኙን ጥቅሎች ዘርግታ ያገኘችውን ተናገረች። ቀበሮ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ጌታዬ፣ ተመርምሯል እኮ! ማኅተሙ ይኸው!» አለ።

አንበሳ ወደ ጅብ ዞረ። «የመረመርከው የታለ?»

«በልቼዋለሁ ጌታዬ።»

«ምን ነበረበት?»

«እሱን እንኳ ልብ አላልኩም። ግን ይጣፍጥ ነበር።»

አንዳንዶቹ ሳቁ። ምኑ ነው የሚያስቀው?

አንበሳ አልሳቀም። ከቀበሮ ኋላ የቆሙትን ሁለት ግልገሎቹን አየና፣ «ጥሩ ነገር ከሆነ አንዱን ጥቅል ክፈትና ለልጆችህ አቅምሳቸው» አለው።

ቀበሮ በድንጋጤ ልጆቹን ወደ ኋላው ገፋቸው። «ኧረ ጌታዬ! ይሄማ ለልጅ አይሰጥም!»

«የእኔስ ልጅ?» አለች አህያ።

አህያ፣ ዕድሜ ልኳን ጅብን ስትሸሽ የኖረችው አህያ፣ ዞር ብላ ያን ማኅተም የመታውን ጅብ ጥርሱ እስኪረግፍ ረገጠችው። ቀበሮም ከአገር ተባረረ፤ ጅብም ተሻረ። ጅብን የሾመውን አንበሳን ግን የጠየቀው የለም። ዝናቡ ሊጀምር ሲል አህዮቹ ልጆቻቸውን እያስቀደሙ ወንዙን ተሻገሩ፤ እሷ ብቻዋን ተሻገረች።

ከዚህ የምንማረው፣ የሚሸጠውን ሳይከፍት ሻጩ መርጦ የሰጠውን ብቻ ቀምሶ «ተመርምሯል» የሚል መርማሪ ከአታላዩ ሻጭ እኩል በዳይ መሆኑን ነው።