የጋሪው ቀንድ

አንድ ጋሪ ሠሪ ነበረ፤ ቢረሳው ይሉታል። በአገሩ በእጅ ሥራ የሚስተካከለው አልነበረም። የእሱ ጋሪ ከሩቅ የሚታወቀው በቀንዱ ነው፤ ከተሳፋሪው ፊት ለፊት፣ ከጉልበት ትይዩ፣ ዘንቢል የሚንጠለጠልበት ሹል ብረት ይተክልበታል። ገበያተኛውም «ቀንድ የሌለው ጋሪ ምን ጋሪ ነው!» እያለ ይሻማበት ነበር። ቢረሳው ይህን ሲሰማ ልቡ ያብጣል፤ ምን ያድርግ፣ ሰው ነው።

ሚስቱ ባንቺአምላክ ግን ያንን ብረት ባየች ቁጥር ደስ አይላትም። «ኧረ አንተ ሰው፣ ይኼ ነገር የሰው ጉልበት ላይ አፍጥጧል። ጫፉን ቆልመም ብታደርገው ምን አለበት? ሳይቃጠል በቅጠል ነው» አለችው አንድ ቀን።

«ከተቆለመመማ ምኑን ቀንድ ሆነ! ደግሞስ ጋሪ የሚሠራው ሊሄድ ነው እንጂ ሊጋጭ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀባት።

ወደ ገበያ የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ነው። በአንድ የገበያ ቀን ሁለት ጋሪዎች እዚያ ተላተሙ። ቀንድ በሌለው ጋሪ የተሳፈሩት ትንሽ ተላልጠው፣ አቧራቸውን አራግፈው ተነሡ። በቢረሳው ጋሪ የነበረው ሸማኔው ዘርጋው ግን አልተነሣም። ቀንዱ ጉልበቱን ሰብሮት ነበር። ሸማኔ ደግሞ በእጁ ብቻ አይሠራም፤ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ መርገጫውን በሁለት እግሩ ካልረገጠ ድርና ማግ አይገናኙም። የዘርጋው ቤት የሚያድረው በዚያ ጉልበት ነበር።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ቢረሳውም ተጠርቶ መጣና፣ «አባቶቼ፣ እኔ በሰዓቱ ቤቴ ነበርኩ። የተጋጩት ነጂዎቹ፤ እኔን ምን አገባኝ?» አለ።

«ለግጭቱ ነጂዎቹ ይመልሳሉ» አሉ አንደኛው ሽማግሌ። «አንተን ግን ልጠይቅህ ልጄ፤ በዚያ ቁልቁለት ጋሪ እንደሚጋጭ አታውቅም ነበር?»

«ኧረ ማን የማያውቅ አለ! በየገበያው አንዱ ሳይጋጭ አይቀርም።»

«እያወቅህ ነዋ ሹሉን ከሰው ጉልበት ፊት የተከልኸው?»

ይህን ጊዜ በቢረሳው ጆሮ ላይ የሚጮኸው የሚስቱ ድምፅ ነበር።

በነጂዎቹ የተፈረደው እንዳለ ሆኖ፣ ቢረሳውም የዘርጋውን ቤት እንዲደግፍ ተፈረደበት። አላጉረመረመም። በማግስቱ በየደጁ እየዞረ የተከላቸውን ቀንዶች ሁሉ ነቀለ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እያሉ አላገጡበት፤ እውነታቸውን ነው።

በመጨረሻ ዘርጋው ቤት ሄዶ እግሩ ላይ ወደቀ። ሸማኔው ሥራ ከፈታው ጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። «ተነሥ ወንድሜ፣ እኔ ይቅር ብዬሃለሁ» አለው። ከዚያ ጉልበቱን ደበስ አደረገና፣ «ከዚህ ጋር ግን እንዴት አድርጌ ላስታርቅህ?» አለው። ቢረሳው ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

ወገኖቼ፣ ጋሪም ይሁን መኪና፣ ሰው የሚሳፈርበትን የሚሠራ ሁሉ ደህና የሚሄድበትን ቀን ብቻ ማሰብ አይበቃውም፤ የሚጋጭበትንም ቀን ሊያስብ ግድ ነው። «ግጭቱን እኔ አላመጣሁትም» ማለት ከኃላፊነት አያድንም፤ ጉዳቱን ያከፋው የእጁ ሥራ ከሆነ ይጠየቅበታል። እስቲ እኛስ፣ በየሙያችን፣ «ያምራል» እያልን ከሰው ፊት የተከልነው ቀንድ የለንም? ካለን ዛሬውኑ እንንቀለው። ቢረሳውም እኮ ነቅሎታል፤ የነቀለው ግን ከዘርጋው ጉልበት በኋላ ነው።