የእናት ፎቶ በፕላስቲክ ላይ

በእኛ ከተማ ሰው ሳያጣራ ለጋብቻ ወይም ለሽርክና ሲጣደፍ ሽማግሌዎች የሚጠቅሷት አንዲት አባባል አለች። የወጣችው ግን ከጥንት ሰዎች ሳይሆን ከመናኸሪያው ጀርባ ካለው ከስመኝ ማተሚያ ቤት ነው።

አንዳርጌ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር በእናቱ ሙት ዓመት ጠዋት እዚያ መጣ። እናቱ ሲያርፉ ሩቅ መንገድ ላይ ስለነበር ቀብራቸው አልደረሰም። ይህ ሆዱን ሲበላው ከርሞ፣ ፎቷቸውን በጠንካራ ፕላስቲክ ላይ አሳትሞ የተዝካሩ ድንኳን ውስጥ ሊያቆም ቆርጧል።

ስመኝ የፕላስቲኩን መሸፈኛ ልጣ ሳትጨርስ፣ አንዳርጌ የፕላስቲክ ሰሌዳውን አቅፎ የማተሚያ ማሽኑ ላይ አጋደመው።

«ኧረ ቆይ ወንድሜ! የእጅህ ወዝ አረፈበት። በአልኮል ልጥረገውና ይድረቅ።»

«አሁን አይደል እንዴ የላጥሽው? ንጹሕ ነው።»

«ፕላስቲክ እንደ ወረቀት ቀለም አይጠጣም። ላዩ ላይ ነው የሚይዘው፤ ወዝ ካለበት ይለቃል።»

«እህቴ፣ ቄሶቹ ተቀምጠዋል። ቀብሯን አጥቻለሁ፤ ተዝካሯንም ልጣ?»

ስመኝ አንጀቷ አልችል አለና ማሽኑን አስነሣች። የማሽኑ ሐምራዊ መብራት ቀለሙን እዚያው እያደረቀ ሲያልፍ፣ እናትየው ከነፈገግታቸው ብቅ አሉ። አንዳርጌ እንባውን አብሶ ፎቶውን ይዞ በረረ።

ድንኳኑ ውስጥ የእናቱ ታናሽ እህት እትዬ ዘነቡ ፎቶውን ሲያዩ ብድግ ብለው የእህታቸውን ጉንጭ ዳበሱ። ጉንጩ ተልጦ መዳፋቸው ላይ ቀረ። አንዳርጌ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

እንግዳው ከተሸኘ በኋላ አክስቱ እጁን ይዘው ስመኝ ዘንድ ወሰዱት።

«ያጣደፍኳት እኔ ነኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«የኔም ጥፋት ነው፤ እምቢ ማለት ነበረብኝ» አለች ስመኝ፣ ሌላ ሰሌዳ እያወጣች።

ጓንት ሰጠችው። አንዳርጌ ጠርዙን ብቻ ይዞ ሰሌዳውን ራሱ ቀስ እያለ ጠረገ፤ እስኪደርቅም ቆሞ ጠበቀ። ታትሞ ሲወጣ እትዬ ዘነቡ በጥፍራቸው ቧጠጡት፤ ንቅንቅ አላለም። ፎቶውን አስታቀፉትና፣

«እናትህ ዓመት ሙሉ ጠብቃሃለች፤ ይህ እስኪደርቅ መጠበቅ ያቅታት ነበር? ልጄ፣ ሳይጠርጉ ያተሙት፣ ሲዳብሱት አጡት» አሉት።