“ወንድም” የሚለውን ቃል የቆረጠው ንጉሥ

አንባቢ ሆይ፣ የዘመድ ነገር ማንሳት ዘመድ እንደሚያስቀይም እየታወቀ ይህ ታሪክ በመነገሩ በቅድሚያ አንገት ተደፍቶ ይቅርታ ይጠየቃል። ጥፋቱ የተራኪው አይደለም፤ የንጉሡ ነው።

አንድ ንጉሥ በህንድ አገር፣ ጭጋግ በማይለየው ወንዝ ዳር ይኖር ነበር። ብሪጅራጅ ይባላል። ከእናቱ ማኅፀን ብቻውን ቢወጣም ወንድምና እኅት ሞልቶት ነበር። በአገሩ ቋንቋ የአጎት ልጅ “ቻቼራ ወንድም”፣ የአክስት ልጅ “ፉፌራ ወንድም” ይባላልና። የፊተኛው ቃል ዘመዱ በማን በኩል እንደ መጣ ይናገራል፤ የኋለኛው ግን ምን ጊዜም ወንድም ነው፣ ሴትም ከሆነች እኅት።

ታዲያ አማካሪው ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ፣ “ማሃራጅ ሆይ፣ ወንድም ሲበዛ ዙፋን ይጠባል” አለው።

ንጉሡ ደነገጠ። ወዲያው ዐዋጅ አስነገረ፦ “ከአንድ ማኅፀን ካልወጡ በቀር ወንድም፣ እኅት መባባል ቀርቷል! ቻቼራው ቻቼራ ይባል፤ ይበቃዋል!”

የክር በዓል ደረሰ። በዚያ ቀን እኅት በወንድሟ የእጅ አንጓ ላይ ቀይ ክር ታስራለች፤ እሷ ዕድሜ ትለምንለታለች፣ እሱ ሊጠብቃት ይምላል። ለንጉሡ በየዓመቱ የምታስርለት የአጎቱ ልጅ ሱሎቻና ነበረች። እጁን ዘርግቶ ጠበቀ። ረፈደ፤ ማንም አልመጣም። የዝሆን ጠባቂው አንጓ እንኳ በክር ቀልቷል።

“አንተስ ማን አሰረልህ?” አለው አማካሪውን።

“እኔማ የእናቴ ልጅ አለችኝ፣ ማሃራጅ ሆይ” አለ አማካሪው ክሩን እያሻሸ።

ንጉሡን የዝናብ ድምፅ እየሰማ ሸለብ አደረገው። በሕልሙ ጭጋግ በዋጠው መንገድ ላይ ቆሟል። ዘመዶቹ ሁሉ፣ “ቻቼራ፣ ደኅና ዋል! ፉፌራ፣ ደኅና ዋል!” እያሉ ያልፋሉ። የሚቆም ግን የለም። እጁን ቢዘረጋ እጁ ራሱ እንደ ጉም ተበተነ።

ባንኖ ተነሣና ዝናብ እየመታው ሱሎቻና ቤት ሄደ። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ቀዩን ክር በጣቷ ትጠመጥማለች።

“ሱሎቻና፣ ዘንድሮ ረሳሽኝ?”

“ኧረ ማሃራጅ ሆይ! ሕግ ላፍርስ እንዴ? እርስዎ ለእኔ ቻቼራ ነዎት።”

“ቻቼራ ምን?”

“እሱን የቆረጠው ያውቃል።”

የዝናቡ ውሃ ከንጉሡ ጺም ይንጠባጠባል።

“ወንድም” አለ በመጨረሻ፣ እንደ ሕፃን በቀጠነ ድምፅ።

“እንግዲያው እጅህን አምጣ” አለችው። “ደግሞ በዚህ ዝናብ ባዶ ራስህን ትዞራለህ?”

በማግስቱ ዐዋጁ ተሻረ። አማካሪው ግን አልተሻረም፤ አማካሪ መቼ ተሽሮ ያውቃል?

ትምህርቱም ይህ ነው፦ የዝምድና ስም መንገድ ነው። በአጎት በኩል ይምጣ በአክስት፣ መድረሻው ወንድም ካልሆነ መንገዱን መቁጠር ምን ይረባል? አንተስ አንባቢ፣ የማንን ስም ከግማሹ ቆርጠህ ጥለሃል?

አደራ፣ ይህን ለማንም እንዳትናገር። በተለይ የአክስት ልጆች አይስሙ፤ “ወንድም አይደለን?” ብለው ክረምቱን ሊያሳልፉ ከነሻንጣቸው ይመጣሉ።