የአያ ጅቦ ነፋስ

በዚያ ጫካ ሕግ ነበር፤ ሕጉም አያ ጅቦ ነበር። ውሃው ያለው ገደል ውስጥ ነው። ከዚያ የሚያወጣው የአያ ጅቦ ሞተር ብቻ ነው፤ ሞተሩ ደግሞ እንጨት ይበላል። የጠማው ሁሉ እንጨት ተሸክሞ ይመጣል፣ ጭሱን ይስባል፣ ይጠጣል፣ እያሳለ ይሄዳል። አያ ጅቦ ይሄን «አገልግሎት» ይለዋል።

ዛፉ እያለቀ ሄዶ የድኩላ ተራ ደረሰ። የቀራት ልጇን የምትደብቅበት አንድ ዋርካ ብቻ ነው። ነገ ይቆረጣል ተባለ።

ጦጢት ይሄን ስትሰማ ገደሉ አፍ ላይ ባለ ክንፍ መዘውር ተከለች። ነፋሱ መጣ፣ መዘውሩ ዞረ፣ በገመድ የታሰረው ቅል ከገደሉ ውሃ ሞልቶ ወጣ። ጭስ የለ፣ ሳል የለ።

አያ ጅቦ ወዲያው ጉባኤ ጠራ።

«ይሄ ነፋስ የሚነፍሰው በማን ጫካ ነው?»

«በእርስዎ!» አለ ጉባኤው። ሌላ መልስ ለምዶ አያውቅማ።

«ስለዚህ ነፋሱ የኔ ነው። መዘውሩ ይፍረስ፤ ዋርካው ይቆረጥ።»

ድኩላ እንባዋ መጣ። ጦጢት ግን ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። እሷ እጅ ስትነሳ እኮ መጠርጠር ነበር!

«እውነትዎን ነው፣ ነፋሱ የእርስዎ ነው። ጸሐፊ፣ መዝግብ።»

ኤሊ ቀስ ብሎ መዘገበ።

«እንግዲህ ደንባችንን ያውቁታል፤ ከብቱ የጎረቤት አጥር ካፈረሰ ባለቤቱ በገዛ እጁ ይጠግናል። የእርስዎ ነፋስ ትናንት የእርግብን ጎጆ ጥሏል።»

«የኔንም!» አለ ቁራ።

«የኔን ሁለቴ!» አለች ዋኔ።

ሰልፉ ረዘመ። እርግብ በትሕትና ጠየቀች፦ «ጎጆዬ የዛፉ ጫፍ ላይ ነው፤ መውጣት ይችላሉ አይደል፣ አያ ጅቦ?»

አያ ጅቦ ወደ ጫፉ አየ፤ ወደ እግሩም አየ።

«ነፋሱ የኔ አይደለም!» ብሎ ጮኸ።

«ይሄም ይመዝገብ» አለች ጦጢት። «መዘውሩም ይዙር፣ ዋርካውም ይቁም። ነፋስ በሌለ ቀን ደግሞ ፀሐይ የምታዞረው እሠራለሁ።»

«ፀሐይዋ ግን…» ብሎ አያ ጅቦ ጉሮሮውን ጠረገ።

ራሰ በራው ጥንብ አንሳ ፀሐይ ያቃጠለችውን አናቱን እያሻሸ መጥቶ ፊቱ ተሰለፈ።

«…የማንም አይደለችም» ብሎ ጨረሰ አያ ጅቦ።