ደወሉን የያዘች ልጅ

ይርዳው የሚባል አንድ መምህር ነበር፤ ልጅ ሳለ በሰልፍ ፊት ጠጠር ላይ ያንበረከኩትን ሰዎች ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ እንኳ ይቅር ያላለ። ጥፋቱን የነገሩት ብዙ ነበሩ፤ "ምን ሆነህ ነው?" ብሎ የጠየቀው ግን ማንም አልነበረም።

በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ብርቄ የምትባል ተማሪ ነበረች። ደወል በተመታ ቁጥር ዴስክ ትገለብጣለች፣ የያዛትን ትነክሳለች፣ ከዚያ ሮጣ አጥር ጥግ ትወሸቃለች። ገረፏት፤ ባሰባት። አንበረከኳት፤ ባሰባት። በመጨረሻ ርዕሰ መምህሩ አባቷን አስጠርቶ፣ "አርብ መጥተህ ውሰዳት" አለው።

መምህሩ ይህን ሲሰማ ጉልበቱ ላይ ያለው የድሮ ጠባሳ ያቃጠለው መሰለው። አጥሩ ጥግ ሄዶ ከጎኗ መሬት ላይ ተቀመጠ።

"ደወሉ ምን አደረገሽ?"

ብርቄ ከአጠገቧ ሣር ነጨች። "ድምፁን አልጠላውም፣ ቲቸር። መቼ እንደሚመጣ አላውቅም። ቤታችንን ሊያፈርሱ የመጡ ለታም በሩን ድንገት ነው የደበደቡት።"

የትምህርት ቤቱ ደወል ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ አሮጌ የመኪና ቸርኬ ነው። እሱን የመምታት ክብር የሚሰጠው ከክፍሉ አንደኛ ለወጣ ተማሪ ነበር። መምህሩ ግን ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብቶ፣ "እስከ አርብ ብርቄ ትምታው" አለ።

"አበዛኸው ይርዳው! ዴስክ ስለገለበጠች ልሸልማት?"

"አንደኛ የወጣው ልጅ አንድ ሳምንት ደወል ባይመታ ምንም አይጎድልበትም። እሷ ግን ከአርብ በኋላ ትምህርት ቤት የላትም።"

"እሺ። ዲግሪህ ያስተማረህ ይህን ከሆነ፣ ሲበላሽ አባትየውን አንተው ታነጋግራለህ።"

ሰኞ ጠዋት ብርቄ መምቻውን ብረት በሁለት እጇ ያዘች። ከመምታቷ በፊት፣ ማንም ሳያዛት፣ "ልመታ ነው!" ብላ ጮኸች። ከትንንሾቹ አንዳንዶቹ ቶሎ ብለው ጆሯቸውን ያዙ። ዝም ብለው ሲደነግጡ የኖሩ ሌሎች ልጆችም እንዳሉ መምህሩ ያየው ያን ጊዜ ነው። በዚያ ሳምንት አንድም ዴስክ አልተገለበጠም።

አርብ አባትየው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጣ። ርዕሰ መምህሩ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ዛፉ አጠገብ ተቀበለውና፣ "እንግዲህ ልጅህ..." ብሎ ጀመረ። ከጀርባው "ልመታ ነው!" ተባለ፤ ወሬ ይዞ ስለነበር አልሰማም። ቸርኬው ሲጮህ ዘሎ ሻዩን ደረቱ ላይ ደፋው።

"ማነው እሱ!" ብሎ ለጥፊ እጁን አነሳ።

"ተናግሬ ነበር እኮ፣ ጋሼ!" አለች ብርቄ እየሳቀች።

ግቢው በሳቅ ተናወጠ። ርዕሰ መምህሩ የተነሳ እጁን አየው፤ ቀስ ብሎም አወረደው። ከዚያ ወደ አባትየው ዞረ። "ሰኞ በጊዜ ትምጣ። ደወሉ የሷ ነው።"

የመምህሩ ባለ ጠባሳ ጉልበት ያን ቀን አላቃጠለውም።

ትልቅ ሰው ደንግጦ እጁን ሲያነሳ "ደንግጦ ነው" እንላለን። ልጅ ሲያነሳ "ባለጌ" ብለን እናባርራለን። የሚረብሽ ልጅ ሲገጥመን ከመቅጣታችን በፊት ምን እንዳስፈራው እንጠይቀው፤ ከተቻለም የፈራውን ነገር በራሱ እጅ እናስይዘው። ለመሆኑ "ምን ሆነህ ነው?" ሳንለው ከበር ያስወጣነው ስንቱ ነው?