አንጓች ወንጭፏን ያስቀመጠችበት ቀን

ተረቴ እየመጣች ነው!

«ትምጣ፣ ትምጣ፤ ቦታ አለን!»

በሉ እንግዲያው ጠጋ ጠጋ በሉ። የምትስቁ ሳቃችሁን ጨርሱ። ይህች ተረት መሐል ላይ ታስቃለች፤ መጨረሻዋ ግን አያስቅም።

ድሮ፣ አውሬ ሲናገር ሰው የማይደነግጥበት ዘመን ነበር። በዚያ ዘመን ቀጨሞ የሚባል ሸለቆ ነበር። ግራና ቀኙ ገደል ነው። በመካከሉ ወንዝ ይወርዳል። ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ማሳ ነው፤ በቆሎ፣ ባቄላ፣ ገብስ። ሰዎቹ በደቦ ያርሳሉ፤ በደቦ ያርማሉ። የአንዱ ጎጆ ሲፈርስ ሌላው ሣርና እንጨት ተሸክሞ ይመጣል። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ኋላ ሲያጠፉ ስትሰሙ «ድሮስ!» እንዳትሉ ብዬ ነው።

ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ ምድሩ በአደይ ቢጫ ሲለብስ፣ ቀጨሞዎች የሚወዱት አንድ ቀን ነበራቸው። የአበባ ቀን ይሉታል። በዚያ ቀን ሽማግሌው በምርኩዝ፣ ሕፃኑ ታዝሎ፣ ሁሉም ገደሉ አናት ላይ ወዳለው ሜዳ ይወጣል። ከተራራው ማዶ ያሉ ሰዎችም በዚያኛው በኩል ይመጣሉ። ልጃገረዶች እንግጫ ይነቅላሉ፤ አበባ ይጎነጉናሉ። ጎረምሶች ይታገላሉ። የተኳረፈ ይታረቃል። ተድራ የሄደች ልጅ ከእናቷ ጋር ትገናኛለች።

ታዲያ አንድ ችግር አለ። በዚያ ወቅት በቆሎው እሸት ነው። ባቄላውም እሸት ነው። ገደሉ ውስጥ ደግሞ ዝንጀሮ አለ። የዝንጀሮዎቹ አለቃ አያ ገመሬ ይባላል፤ ጎፈሩ እስከ ወገቡ የወረደ፣ ክርኑ እንደ ጎረምሳ ጉልበት የወፈረ። ሰው ሁሉ ሜዳ ከወጣ ማሳውን ማን ይጠብቃል?

በቀጨሞ አንጓች የምትባል መበለት ነበረች። ያለቻት አንዲት ልጅ ዘቢደር ናት፤ እሷንም ማዶ አገር ድራታለች። ማዶ አገር በቆላው ዞረው ሲሄዱ የሦስት ቀን መንገድ ነው። የልጅ ባል ቤት ደግሞ ሳይጠሩ አይኬድም። ስለዚህ እናትና ልጅ የሚተያዩት በዓመት አንድ ጊዜ፣ በአበባ ቀን ብቻ ነበር።

ይህች አንጓች ወንጭፍ ታውቅ ነበር። ድንጋይዋ አይስትም። ድምጿም ገደል ያስተጋባል።

አንድ ዓመት፣ የአበባ ቀን ሲቃረብ፣ የአገሩ ጭቃ ሹም ይመኑ ደጇ ድረስ መጡ።

«እመት አንጓች፣ ዘንድሮ ማማው ላይ አንቺ ውጪልን» አሏት።

«ልጄስ ጌታዬ? ልጄን የማያት በዚህ ቀን ነው።»

«አንድ ዓመት ነው። ለከርሞ ሌላ ሰው ይጠብቃል። ያላንቺ ገመሬን ማን ይመልሰዋል?»

ሰው መመስገን ይወዳል። አንጓችም ወደደች። «እሺ» አለች። ድፎ ዳቦ ጋገረችና ለጎረቤቷ ለወለላ ሰጠቻት። «እቴ ወለላ፣ ይህን ለዘቢደር ስጪልኝ። እናትሽ ማሳ ላይ ቀረች በያት» አለቻት።

ሰዉ እየዘፈነ ሽቅብ ሄደ። አንጓች ማማው ላይ ወጣች። ወዲያው አያ ገመሬ ጭፍሮቹን አስከትሎ በጉልበት መጣ። አንጓች ወንጭፏን አዞረች። ድንጋዩ ትከሻውን አለው። ጮኸ፤ ሸሸ። ጭፍሮቹም ሸሹ።

ሲመሽ ሰዉ አበባ እራሱ ላይ እንዳደረገ ወረደ።

«ዘቢደር ደህና ናት» አለቻት ወለላ። «ዳቦውን ሰጠኋት፤ አለቀሰች። እናቴን ሳሚልኝ አለችኝ።» ብላ ጉንጯን ሳመቻት።

በሰው የተላከ መሳም እንደ ተዋሱት ነጠላ ነው፤ የራስ አይሆንም። ቢሆንም አንጓች «ለከርሞ» አለችና ተጽናናች።

ዓመቱ ዞረ። አደይ ፈነዳ። ጭቃ ሹም ይመኑ እንደገና መጡ።

«ጌታዬ፣ ለከርሞ ሌላ ሰው ብለውኝ ነበር» አለች አንጓች።

«ብዬሽ ነበር። ግን ዓምና ስንት ማሳ አዳንሽልን! ዘንድሮ ሰው ብንቀይር ገመሬ ይስቅብናል። ለከርሞ።»

አንጓች «እሺ» አለች። ድፎውን ጋገረች። ለወለላ ሰጠቻት። ሰዉ እየዘፈነ ሽቅብ ሄደ።

በዚያ ዓመት አያ ገመሬ ጭፍሮቹን ለሁለት ከፍሎ መጣ፤ ግማሹ በወንዙ፣ ግማሹ በገደሉ። አንጓች ከማማው ወርዳ ወዲህ ሮጠች፣ ወዲያ ሮጠች። ጅራፏን አጮኸች፤ ድንጋይዋን ወነጨፈች። እግሯ በእሾህ ተተለተለ። አንድ እሸት ግን አላስነካችም።

አያ ገመሬ ድንጋይ የማይደርስበት ቋጥኝ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ።

«አንጓች!» አለ። «ክንድሽን አልቻልሁትም። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ያንን ዳቦሽን ወለላ ከነልጆቿ መንገድ ላይ ቁጭ ብላ ስትበላው አየሁ።»

«ውሸታም!» አለችው። ድንጋይ ወረወረች። አልደረሰበትም።

ሲመሽ ወለላ መጣች።

«ዳቦውን ሰጠሻት?» አለቻት አንጓች።

ወለላ መሬት መሬት አየች። «ውይ እቴ! ረሳሁት። እዚያው ሜዳ ላይ ቀረ።»

ያን ቀን አንጓችን ሆድ ባሳት።

ሦስተኛው ዓመት መጣ። አደይ ፈነዳ። በዚህ ዓመት ጭቃ ሹሙ ደጇ አልመጡም። ሰው ላኩባት። የተላከውም ሰው «እንደተለመደው» ብሎ ሄደ። ልመናው ቀረ። ምስጋናው ቀረ። «ለከርሞ» እንኳ ቀረ።

አንጓች ዳቦ አልጋገረችም። ሰዉ እየዘፈነ ሽቅብ ሲሄድ ማማው ላይ ሆና አየችው። አንድም ሰው ዘወር ብሎ አላያትም።

ቀትር ላይ አያ ገመሬ መጣ። ጭፍሮቹን አላመጣም። ብቻውን መጥቶ ድንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ወንጭፍሽን አታንሺ። ዛሬ ለጠብ አልመጣሁም» አላት።

«ታዲያ ለምን መጣህ?»

«እንኳን ደስ ያለሽ ልልሽ።»

«በምን?»

«በልጅ ልጅሽ ነዋ! ዘቢደር ወልዳ የለም እንዴ? ገደሉ አናት ላይ ሆኜ አየኋት። ሴት ልጅ ታቅፋ ሜዳው ዳር ተቀምጣለች። ሌላው ይጨፍራል። እሷ ከቀጨሞ የሚወጣውን መንገድ ታያለች።»

«ትዋሻለህ» አለችው።

«ዓምና ስለ ዳቦው ዋሸሁ?»

አንጓች ዞር ብላ ወደ ሜዳው ሽቅብ አየች።

«ሂጂ» አላት አያ ገመሬ፤ ድምፁን እንደ ዘመድ አለስልሶ። «ሂጂና ልጅሽን እያት። ማሳውን እኔ እጠብቅልሻለሁ።»

ይኸው፣ እናንተም ሳቃችሁ! ዝንጀሮ በቆሎ ሊጠብቅ! አንጓችስ ይህ ጠፍቷት ነው? አልጠፋትም። የጭቃ ሹሙን ማሳ አየች። የወለላን ማሳ አየች። ከዳር ያለችውን የራሷን ጠባብ ማሳ ግን አላየቻትም። በልቧ «ይብላው!» አለች። ወንጭፏን ማማው ላይ አስቀመጠች። ወረደች።

ገደሉን እየሮጠች ወጣች። ትወድቃለች፣ ትነሣለች። ሜዳው ላይ ስትደርስ ዘፈኑ ቀጥ አለ።

«አንጓች! ማሳው ጋ ማን አለ?» አሉ ጭቃ ሹም ይመኑ።

«ልጄ የታለች?» አለች አንጓች።

«ማሳው ጋ ማን አለ?»

«ልጄ የታለች?»

አንዲት አሮጊት አዘነችላት። «አሁን ሄደች ልጄ። እስካሁን ስትጠብቅሽ ቆየች። ሕፃኗ አልቅሳ አልቅሳ አልተው ስትላት ከማዶዎቹ ጋር ወረደች» አለቻት።

አንጓች ወደ ማዶው ጠርዝ ሮጠች። ከሩቅ፣ ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ አንድ ነጭ ነጠላ ይታያል። እየራቀ፣ እያነሰ ይሄዳል። «ዘቢደር!» ልትል አፏን ከፈተች። ያ ገደል የሚያስተጋባው ድምጿ፣ በሩጫ ብዛት ትንፋሿ ተቆርጦ ኖሮ፣ አልወጣም። ነጠላው ዛፎቹ ውስጥ ገባ።

በዚያን ጊዜ ከሸለቆው የዝንጀሮ ጩኸት ተሰማ። ሰዉ ሁሉ አበባውን እየጣለ ቁልቁል ሮጠ።

ዝንጀሮ እንደምታውቁት አንድ ይበላል፣ ዐሥር ይሰብራል። በቆሎው ተሰብሯል። ባቄላው ተነቅሏል። ገብሱ ተረግጧል። ከሁሉ በፊት ያለቀችው የአንጓች ማሳ ነበረች። አያ ገመሬ ማማው ላይ ቁጭ ብሏል፤ የአንጓችን ወንጭፍ አንገቱ ላይ አጥልቋል።

«በደንብ ጠብቄያለሁ! ወፍ እንኳ አላስደረስሁም!» አለና ዘሎ ገደሉ ውስጥ ገባ።

በማግሥቱ አገሩ ከዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ጭቃ ሹም ይመኑ ተነሡ።

«ይህች ሴት ልጆቻችንን አስራበች። ከአገር ትውጣ!» አሉ።

የሸንጎው ታላቅ አባ ተድላ ነበሩ። ዕድሜ ጉልበታቸውን እንጂ አእምሯቸውን አልወሰደውም። ወደ አንጓች ዞሩ።

«ከማማው ለምን ወረድሽ ልጄ?»

«አያ ገመሬ እጠብቅልሻለሁ አለኝ። አምኜው ነው» አለች አንጓች፤ ራሷን ደፍታ።

ከፊሉ አመነ። ከፊሉ አላመነም። አባ ተድላ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«እሺ። እኔም ሦስት ነገር ልጠይቅ። በእነዚህ ሦስት ዓመታት አንጓችን ተክቶ አንዲት ቀን ማሳ የጠበቀ ማን ነው?»

ዝም።

«ዓምና የላከችውን ዳቦ ለልጇ ያደረሰ ማን ነው?»

ወለላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

«የልጅ ልጇ መወለዷን አስቀድሞ የሰማ ማን ነው?»

በመጨረሻ ጭቃ ሹም ይመኑ ቀስ ብለው ተናገሩ። «እኔ ሰማሁ። በክረምቱ ዘቢደር ልካብኝ ነበር። ለአበባ ቀን ሕፃኗን ይዤ እመጣለሁ፤ ለእናቴ ንገሩልኝ አለች። ብነግራት ማሳውን አትጠብቅም ብዬ ደበቅሁት።»

አባ ተድላ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። «እንግዲህ ማንን እንቅጣ? ቅጣቱን ጎተራው ይሰጠናል። ከዛሬ ጀምሮ ጥበቃው በዕጣ ይሁን። የመጀመሪያው ዓመት ያለ ዕጣ የጭቃ ሹሙ ነው» አሉ። ሕዝቡም ተማማለ።

መሐላው መልካም ነበር። ግን መሐላ አይቦካም፣ አይጋገርም። ጎተራው ባዶ ነው። በቀጨሞ ረኃብ ገባ። መጀመሪያ በጎቹ ተሸጡ። ከዚያ ጥጆቹ ተሸጡ። ከዚያ ሰው ለዘር ያስቀመጠውን እየቆነጠረ በላ።

ማዶዎች ይህን ሰምተው እህል በጀርባቸው አመጡ። ከነሱም ጋር ዘቢደር መጣች። ሕፃኗን እናቷ እቅፍ ውስጥ አኖረችላት። ሕፃኗ አያቷን አይታ ሳቀች። አንጓችም ልትስቅ ፈለገች። በግድግዳው ማዶ ግን የወለላ ልጆች ርቧቸው ሲያለቅሱ ይሰማል። አንጓች ሕፃኗን ለእናቷ መለሰች። ልጇ ያመጣችላትን እህል ለሁለት ከፍላ፣ ግማሹን ተሸክማ ወደ ወለላ ቤት ገባች። አስቀመጠችው። ምንም ሳትናገር ወጣች።

ያ እህል ስንት ቀን ይበቃል? አለቀ። በዚያ ዓመት ሦስት ቤት ከቀጨሞ ተነቅሎ ተሰደደ። ሦስተኛው የወለላ ቤት ነበር።

የምትሄድበት ጠዋት፣ ወለላ ልጆቿን አስከትላ፣ እንስራዋን አዝላ አንጓች ደጅ ቆመች።

«አንጓች» አለች። «ያን ጊዜ ስለ ዳቦው ረሳሁት ብዬሽ ነበር። አልረሳሁትም። ልጆቼ አምጪ አሉኝ፤ ቆረስሁላቸው። እኔም በላሁ።»

አንጓች ከደጃፏ ወጥታ አጠገቧ ቆመች። ከዚያ እንዲህ አለች።

«እኔም ሸንጎ ፊት ገመሬን አምኜው ነው ብዬ ነበር። አላመንሁትም ወለላ። እንደሚበላው እያወቅሁ ነው የሄድሁት።»

ሁለቱም አለቀሱ። ተሳሳሙ። አንዷ ለአንዷ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ። ይቅርታው እውነተኛ ነበር። መንገዱን ግን አላስቀረውም። ወለላ ልጆቿን እየመራች በወንዙ ቁልቁል ወረደች።

አንጓች ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረች። የልጅ ልጇን ድራለች። ሲያመሰግኗትም ሲወቅሷትም አትመልስም ነበር ይባላል። ግን በየገበያው ቀን፣ ከቆላ የመጣ መንገደኛ ስታይ፣ «ወለላ የምትባል ሴት አታውቁም? ሁለት ወንድና አንድ ሴት ልጅ አላት» እያለች ትጠይቅ ነበር። የሚያውቅ አልተገኘም።

አያ ገመሬስ ምን ሆነ? ትሉኝ ይሆናል። ምንም አልሆነም። ዝንጀሮ የዝንጀሮን ሥራ ሠራ፤ ማንም አልከሰሰውም።

እኔ ከአያቴ የሰማሁት ይህን ነው። ጥፋቱ ለእነሱ ይቅር፤ ምክሩ ለእናንተ ይሁን። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይላሉ አባቶች። እውነት ነው። ማጭዱን ከመንሣታችሁ በፊት ግን፣ ልጆቼ፣ ሆዱን ማን እንዳስባሰው ጠይቁ።